በባሮ ዳርቻ ስለሚሠሩ አሮጌ አውቶሞቢሎችና ስለ ነዳጃቸው ልክ

አውቶሞቢል በነጂው ፈቃድ የሚሄድ ይመስላል እንጂ በእውነቱ የሚሄደው በውስጡ ባለው ነዳጅ ልክ ነው። ነጂው ዐዋቂ፥ ጎማው ዐዲስ፥ መንገዱም የተደለደለ ቢሆን ነዳጁ ያለቀ እንደ ሆነ ያ ሁሉ ብረት በቆመበት ይቀራል። ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን የታወቀ ነገር ሁሉ የሚጠበቅ አይደለምና፥ በመንገድ ዳር የቆመ አውቶሞቢልና ጀሪካን ተሸክሞ በእግሩ የሚገሠግሥ ረዳት ማየት እስከ ዛሬ አልቀረም።

በአዲስ አበባ ነዳጅ ያለቀበት ሰው የሚያጣው ጥቂት ጊዜና ጥቂት ገንዘብ ነው፤ ማደያው ሩቅ አይደለም፥ የሚገፋለትም ሰው አይጠፋም። በባሮ ወንዝ ዳርቻ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከጋምቤላ ከተማ ወደ ምዕራብ ወደ ኢታንግ፥ ወደ ላሬና ወደ ጂካዎ፥ ወደ ደቡብም ወደ አቦቦ፥ ወደ ጎግና ወደ ፑኝዶ የሚሄድ ሰው በረጅሙ መንገድ የሚያየው ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ሣርና ዛፍ ነው። የስልክ ድምፅ በየስፍራው አይደርስም። በክረምት ጊዜ መረሬው ጭቃ ይሆናል፤ ባሮም ከዳርቻው ሞልቶ ሲወጣ፥ በ2014 ዓ.ም ክረምት እንደ ሆነው ሁሉ፥ ሰውን ከቤቱ ያፈናቅላል፥ መንገዱንም ይቈርጣል። በዚህ አገር ነዳጅ ያለቀበት ሰው የሚያጣው ጊዜውን ብቻ አይደለም። በአምቡላንሱ ውስጥ ምጥ የጠናባት እናት ተኝታ እንደ ሆነ፥ ከነዳጁ ማለቅ የሚመጣው ጕዳት በሊትርና በብር የሚቈጠር አይሆንም።

በባሮ ላይ ልክን መጠበቅ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል በኢታንግ አጠገብ፥ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፥ ጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ፥ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ተፈቀደ። ጣቢያውም ኋላ በጋምቤላ ላይ ተሠራ። ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት ላይ ተጕዘው፥ ወንዙ በሚሞላበት ወራት ጋምቤላ እየደረሱ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ፥ የደጋውን ቡና ይጭኑ ነበር።

ወንዙ የሚሸከማቸው በዓመቱ ውስጥ ለጥቂት ወራት ብቻ ስለ ነበረ፥ የመርከብ አዛዥ ሁለት ነገር ሳይለካ ማደር አይችልም ነበር። አንደኛው ከመርከቡ ሆድ በታች ያለው የውሃ ጥልቀት ነው። ውሃው እየጐደለ ሳለ የዘገየ እንደ ሆነ መርከቡ በአሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን ክረምት ይጠብቃልና። ሁለተኛው በመርከቡ ላይ የተከመረው እንጨት ነው። የዚያ ዘመን የዓባይ መርከቦች ውሃቸውን የሚያፈሉት በእንጨት ነበርና በወንዙ ዳር እንጨት የሚጭኑባቸው ጣቢያዎች ነበሯቸው፤ ከአንዱ ጣቢያ እስከ ሌላው የማያደርስ እንጨት ይዞ የተነሣ አዛዥ ከመንገድ ይቀራል። ይሁን እንጂ ለዚያ አዛዥ አንድ ነገር ይረዳው ነበር፤ ይኸውም የእንጨቱ ክምር ለዐይን የሚታይ መሆኑ ነው። ክምሩ ማነሱን እሳት የሚያነደው ሠራተኛም፥ በመርከቡ ጠርዝ የተቀመጠው መንገደኛም እኩል ያዩታል።

ሱዳን በ1948 ዓ.ም ነፃ መንግሥት ከሆነች በኋላ የዚያ ኪራይ ነገር አበቃ። ዛሬ ለጋምቤላ የሚያስፈልገው ነዳጅ የሚመጣው በየብስ ነው። ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ፥ አገሩን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ አቋርጦ፥ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ከጎሬ ደጋ በቡሬ በኩል እየተጠማዘዘ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ወደ ባሮ ቆላ ይወርዳል። ስለዚህ በኢታንግ መንገድ ላይ የሚቃጠለው አንድ ሊትር ናፍጣ ከ1500 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ ነው። እንዲህ ሩቅ የመጣ ነገር አንዳንድ ጊዜ መዘግየቱ፥ ማደያውም ባዶ ሆኖ መሰንበቱ የማይቀር ነው።

አውቶሞቢሎቹም አሮጌዎች ናቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ በአገር ውስጥ ያሉት በነዳጅ የሚሄዱት ሁሉ በየዓመቱ ማርጀታቸው ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደውም ቢሆን የባትሪውን ልክ የሚጠብቅለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ግን ለሌላ ጊዜ የሚተው ነገር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ፥ በየጤና ጣቢያው፥ በየሀገረ ስብከቱ ብዙ ዘመን ያገለገሉ ላንድ ክሩዘሮችና ላንድ ሮቨሮች ገና በሥራ ላይ አሉ፤ ተጠብቀው ከተያዙም ገና ብዙ ያገለግላሉ። ብረታቸው ብርቱ ነው። የደከመው አብዛኛውን ጊዜ ልክን የሚናገረው ክፍላቸው ነው።

ይህ ክፍል እንዴት እንደሚሠራ ብዙ ሰው አይመረምርም። ባለ ሙያዎች ሳልቫትዮ በሚሉት የነዳጅ ማጠራቀሚያ ውስጥ በነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ አንድ ቀላል ነገር አለ። እርሱም በቀጭን የብረት ክንድ ጫፍ ላይ ተሰክቷል። ነዳጁ ከፍ ሲል ተንሳፋፊው ከፍ ይላል፥ ሲጐድል አብሮ ይወርዳል። የክንዱ ሌላው ጫፍ በኤሌክትሪክ መተላለፊያ ላይ እየተንሸራተተ የኤሌክትሪኩን ኀይል ያበዛል ወይም ያሳንሳል፤ ኀይሉም በሽቦ ወደ ክሩስኮቱ ደርሶ በነጂው ፊት ያለውን መርፌ ያንቀሳቅሳል። ሥራው የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ እጅ ለብቻው ሊበላሽ የሚችል ስለ ሆነ፥ ባረጀ አውቶሞቢል ላይ መርፌው ያየውን የሚናገር ምስክር መሆኑ ይቀርና የሰማውን ብቻ የሚያወራ ይሆናል።

ተንሳፋፊው የተቀደደ እንደ ሆነ ነዳጅ ይገባበትና ይሰጥማል፤ መርፌውም ሁልጊዜ ባዶ ነው ይላል። ይህ ስሕተት ነጂውን ያሠጋዋል እንጂ አይጐዳውም። የሚጐዳው ክንዱ ዝጎ በመካከል ተጣብቆ የቀረ እንደ ሆነ ነው፤ መርፌው ግማሽ ላይ ቆሞ ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ ግማሽ ነው እያለ ያታልላል። ወደ ብረቱ የሚገናኘው ሽቦ ሲዝግም መርፌው ዛሬ አንድ፥ ነገ ሌላ ይናገራል። ደግሞ ሁሉም ነገር ደኅና ሆኖ ሳለ የሳልቫትዮው ቅርፅ ራሱ ያሳስታል። ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ የሆነ እንደ ሆነ የላይኛው ግማሽ ብዙ መንገድ ይሄዳል፥ የታችኛው ግማሽ ግን ሳይታሰብ ያልቃል። ነጂዎች «ከግማሽ በኋላ ይሮጣል» የሚሉት ይህን ነው። ከዚህም በቀር አውቶሞቢሉ በዳገት ወይም በቁልቁለት ላይ ሲሆን ነዳጁ ወደ አንድ ወገን ይተኛል፤ በቡሬ መንገድ ሲወርድ ሩብ ያለው መርፌ ከሜዳው ሲደርስ ያንኑ ላይል ይችላል። ነዳጁ ባነሰ ጊዜም በዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጐን ሲሸሽ መሳቢያው ቧንቧ ነዳጅ ትቶ አየር ይስባል፤ ጥቂት ነዳጅ እያለው ሞተሩ የሚጠፋው ስለዚህ ነው።

የጥንቶቹ አውቶሞቢሎች መርፌ ባይኖራቸው የነጂዎቻቸው ጥንቃቄ ይበልጥ ነበር ለማለት ይቻላል። የአሜሪካው ፎርድ ከ1901 እስከ 1919 ዓ.ም ሲሠራው የነበረው ሞዴል ቲ የተባለው አውቶሞቢል በብዙው ዘመኑ የነዳጁ ማጠራቀሚያ ከፊተኛው መቀመጫ በታች ነበር፤ መርፌም አልነበረውም። የልኩን ነገር ለማወቅ የፈለገ ሰው መቀመጫውን አንሥቶ የእንጨት ዘንግ ያጠልቅ ነበር። ነዳጁም ያለ ፖምፓ በክብደቱ ብቻ ወደ ሞተሩ የሚወርድ ስለ ነበረ፥ ነዳጅ ያነሰው ፎርድ ከባድ ዳገት ሲገጥመው ሞተሩ ከሳልቫትዮው በላይ ይሆንና ይጠፋበታል። ነጂውም ፊቱን አዙሮ ዳገቱን የኋሊት ይወጣው ነበር። በአገራችን በብዛት የታየው ቮልስዋገንም እስከ 1953 ዓ.ም ድረስ የተሠራው በመርፌ ፈንታ ከነጂው እግር አጠገብ የምትዞር መክፈቻ ብቻ ነበረችው። ሞተሩ መንገጫገጭ ሲጀምር ነጂው እርሷን ያዞራትና ለመጠባበቂያ የቀረችው አምስት ሊትር ያህል ትወርድለታለች። መክፈቻዋን ቀድሞ አዙሮ የረሳ ሰው ግን መጠባበቂያውን ሳያውቀው ይጨርሰዋል። ዛሬም በብዙ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ይኸው መክፈቻ አለ፥ ይኸው መርሳትም አለ።

እንግዲህ ነዳጁ ፈጽሞ ባያልቅም፥ ሁልጊዜ ወደ ማለቂያው ተጠግቶ መሥራት በራሱ ጕዳት አለው። በሳልቫትዮው ውስጥ ነዳጅ ያልያዘውን ቦታ አየር ይይዘዋል፤ የባሮም አየር በክረምት እርጥበት የሞላበት ነው። ሌሊት ብረቱ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ እንደ ጤዛ ያዝና ወደ ታች ይንጠባጠባል። ውሃ ከቤንዚንም ከናፍጣም የሚከብድ ስለ ሆነ ከሥር ይተኛል፤ በዚያም ብረቱን እያዛገ ዝገቱን ከአቧራውና ከአተላው ጋራ ያከማቻል። ቆሻሻ የሚሳበው ነዳጅ ሲያልቅ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን ሙሉ እውነት አይደለም፥ መሳቢያው ቧንቧ ምንጊዜም ከታች አጠገብ ነውና። ነገር ግን ነዳጁ ጥቂት ሲሆን በጐርበጥባጣ መንገድ እየተንቦጫቦጨ የሥሩን አተላ ያናውጠዋል፤ በብዙ ነዳጅ ውስጥ ተበትኖ የሚያልፈው ቆሻሻም በጥቂቱ ውስጥ ተሰብስቦ ፊልትሮውን ይዘጋዋል።

በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ከሁሉ ይልቅ ይህን አይችልም። ናፍጣው ለሞተሩ እሳት ብቻ ሳይሆን ለፖምፓው ቅባት ጭምር ነው። ፖምፓውና ኖዝሉ እጅግ በጠበበ ልክ የተሠሩ ስለ ሆኑ ውሃ የገባባቸው ወይም ደርቀው የሠሩ እንደ ሆነ ይፋፋቃሉ፤ የእነርሱም ጥገና እጅግ ውድ ነው። ናፍጣው ፈጽሞ ባለቀ ጊዜ ደግሞ ጀሪካን አምጥቶ መቅዳት ብቻውን አይበቃም፤ በቧንቧው የገባው አየር እስኪወጣ ድረስ ሞተሩ አይነሣም። ነጂው የማስወጫውን ብሎን አላልቶ በእጅ የሚገፋውን ትንሹን ፖምፓ እየደጋገመ ይገፋል፥ አረፋ የሌለበት ንጹሕ ናፍጣ ሲወጣ ያጠብቀዋል። ይህን በቀን፥ በጥላ ሥር፥ መፍቻ ይዞ ማድረግ ቀላል ነው። በሌሊት፥ በዝናብ፥ ሕመምተኛ ከኋላ እያቃሰተ ማድረግ ግን ቀላል አይደለም። ቤንዚን በሚጠጡት ዘንድ ደግሞ በሳልቫትዮው ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ያላቸው አሉ፤ እርሱን የሚያቀዘቅዘው በዙሪያው ያለው ቤንዚን ስለ ሆነ ባነሰ ቤንዚን የሚሠራ ፖምፓ በቶሎ ይቃጠላል።

መድኀኒቱ ከመርፌው ሌላ ሁለት ምስክር ማቆም ነው፤ አንደኛው ዘንግ፥ ሁለተኛው መዝገብ።

ዘንጉ ቀጥ ያለ፥ የደረቀ፥ የማይፈረፈር፥ ቀለም ያልተቀባ እንጨት ይሁን። ሳልቫትዮው ለመታጠብ ወርዶ ሲመለስ፥ ባዶ መሆኑ በተረጋገጠበት ቀን፥ አውቶሞቢሉ በደልዳላ ስፍራ ቆሞ ዐሥር ሊትር ይቀዳበታል። ዘንጉ እስከ ሥሩ ይጠልቅና የረጠበበት ስፍራ በቢላዋ ይፈለጣል። እንደገና ዐሥር፥ እንደገና ዐሥር እየተባለ እስኪሞላ ድረስ ምልክቱ ይቀጥላል። ይህ የአንድ ጧት ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለዚያ አውቶሞቢል ዕድሜ ይበቃል። የአንዱ አውቶሞቢል ዘንግ ለሌላው እንደማያገለግል ግን መርሳት አይገባም። የመቅጃው ቧንቧ ጠማማ ሆኖ ዘንግ የማያስገባ አውቶሞቢል ብዙ ነው፤ ለእንዲህ ያለው መዝገቡ ብቻ ይቀራል። በማናቸውም ጊዜ ቢሆን ክብሪት ጭሮ ወይም ሲጋራ ይዞ ወደ ሳልቫትዮ አፍ መጠጋት የሞት ነገር ነው።

መዝገቡም ብዙ ጽሕፈት አይፈልግም። አውቶሞቢሉ እስከ አፉ በተሞላ ቀን የኪሎ ሜትሩ ቍጥር ይጻፋል፤ ሁለተኛ በተሞላ ጊዜ ቍጥሩና የተቀዳው ሊትር ይጻፋል። በመካከል የተሄደው ኪሎ ሜትር ለሊትሩ ሲካፈል አውቶሞቢሉ በአንድ ሊትር ምን ያህል እንደሚሄድ ይታወቃል። ባሕረ ሐሳብን አጥንቶ በዓላትንና አጽዋማትን ለሚያወጣ ካህን ይህ ሒሳብ ጨዋታ ነው። የኪሎ ሜትር ቈጣሪው የተሰበረ እንደ ሆነም፥ በአሮጌዎቹ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይገኛልና፥ ከከተማ እስከ ከተማ ያለውን የታወቀ ርቀት መጻፍ ይቻላል። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የሚቃጠለውን ግን ቈጣሪው አያሳይም፤ ትልቅ የናፍጣ ሞተር ሳይንቀሳቀስ አንድ ሰዓት ቢሠራ አንድ ሊትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይጨርሳል። አለቃው ከስብሰባ እስኪወጣ ድረስ ቀዝቃዛ አየር ለማግኘት ሲባል ሞተሩን እያስነሡ መጠበቅ የተለመደ ስለ ሆነ ይህ በመዝገቡ ሊገባ ይገባል።

ለምሳሌ ያህል 80 ሊትር የሚይዝ አውቶሞቢል ይወሰድ። መርፌው ሩብ ሲል ነጂው 20 ሊትር አለኝ ይላል። ከዚህ ውስጥ የታችኛው አምስት ሊትር የውሃና የአተላ ድርሻ ነው ተብሎ ቢተው የሚታመንበት 15 ሊትር ነው። በደረቅ መንገድ በአንድ ሊትር ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሄድ 120 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያው አውቶሞቢል በክረምት ተጭኖ፥ በከባድ ማርሽ ጭቃውን እየገፋ፥ በሊትር አራት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ 60 ይሆናል። ከጋምቤላ እስከ ፑኝዶ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልሱ ከሁለት መቶ ይበልጣል። እንግዲህ ይህ ጕዞ በበጋ ከ25 ሊትር በላይ፥ በክረምት ግን ከ50 ሊትር በላይ ይፈልጋል። መንገዱ ተቈርጦ በዙሪያ መሄድ ቢመጣ ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ «ከሩብ አታሳንስ» የሚባለው ምክር ደኅና ምክር ሆኖ ሳለ በባሮ ዳር አይበቃም። በዚህ አገር መርፌው ከግማሽ ሲደርስ የሚቀዳበትን ስፍራ መፈለግ፥ ሩቅ የሚሄድም ሰው ሞልቶ መነሣት ይገባዋል።

ሞልቶ ሲባል ግን በደጋ ላይ እስከ አፉ መሙላት ማለት አይደለም። ቤንዚን ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ከሺሕ እጅ አንድ እጅ ያህል ይሰፋል። በጎሬ ቅዝቃዜ የተቀዳ 80 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ 15 ዲግሪ ወደሚበልጥበት ወደ ጋምቤላ ቢወርድ ከአንድ ሊትር በላይ ይጨምራል፤ የሚያድርበትም ስፍራ ከሌለው ይፈስሳል። ጥቂት ክፍት ቦታ መተው ነው።

አሁን ስለ ነጂው የተነገረው ይበቃል፤ ነገሩ የነጂው ብቻ አይደለምና። በብዙ መሥሪያ ቤት ነዳጅ የሚታዘዘው በቀን በቀኑ፥ ለአንዱ ጕዞ በሚበቃ ልክ፥ በአምስትና በዐሥር ሊትር ነው። እንዲህ የሚያደርጉት አለቆች የመንግሥትን ገንዘብ የቈጠቡ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በሳልቫትዮ ውስጥ የቀረ ነዳጅ የጠፋ ገንዘብ አይደለም፤ ነገ የሚሄድበት ነው። በዚህ ልማድ የሚገኘው ትርፍ አውቶሞቢሉ ዓመቱን ሁሉ ከሥሩ ውሃና አተላ እየጠጣ መኖሩ፥ ድንገተኛ ነገር በመጣ ሌሊትም ባዶ ሆኖ መገኘቱ ነው። ነጂው «ጌታዬ፥ መርፌው ከሩብ በታች ነው» ሲል፥ አለቃው «ይበቃል፥ ስንመለስ እንቀዳለን» ብሎ የተሳፈረበት ጕዞ ስንት ነው? በመንገድ ሲቀር ግን ደመወዙ የሚቈረጠው የነጂው ነው። ይህ ፍርድ የተስተካከለ አይደለም።

እርግጥ አለቆቹ የሚሉት ምክንያት አላቸው። የሞላ ሳልቫትዮ ሌሊት በቱቦ ይቀዳል፥ ናፍጣውም በገበያ ይሸጣል ብለው ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሌባ እንዳይሰርቀው ብሎ ጐተራውን ባዶ የሚያሳድር ገበሬ የለም። ለክዳኑ ቍልፍ ይደረግለታል፤ ማታ በዘንግ ተለክቶ ነጂውና የዕቃ ቤት ሹሙ ይፈርማሉ፥ ጧት ደግሞ እንዲሁ። የነዳጅ ክፍያ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በቴሌብር መደረጉም የተቀዳው ልክ በተጻፈ እንዲገኝ ረድቷል፤ ያን ከዘንጉ ጋራ ማስተያየት የአንድ ጸሐፊ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ ዘንጉ አለቃውን ከሌባ እንደሚጠብቀው ሁሉ ነጂውንም ከሐሰት ክስ ይጠብቀዋል።

በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የመብራቱን ዘይት የሚጠብቅ አገልጋይ ዘይቱን የሚያየው መብራቱ ሲደክም አይደለም፤ ሳይመሽ ነው። በወንጌል የተነገሩት ዐሥሩ ደናግል ሁሉም መብራት ነበራቸው፥ ሁሉም ወጡ፥ ሁሉም አንቀላፉ፤ አምስቱን ከአምስቱ የለያቸው በማሰሮ የያዙት ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱም በእኩለ ሌሊት ከሌላው ሊካፈሉት ያልቻሉት ነገር ነበረ። በኢታንግ መንገድ ላይ የቆመ አውቶሞቢል ካለፈ አውቶሞቢል ናፍጣ ይለምን ይሆናል፤ ነገር ግን ያ አላፊ ራሱ ለመድረስ የሚበቃው ብቻ የያዘ እንደ ሆነ ምን ያደርግለታል?

በመንገድ የቀረ ሰው ከሚያደርጋቸው ነገሮች ደግሞ ከመቆሙ ይልቅ የሚያስፈሩ አሉ። ከሌላ አውቶሞቢል ነዳጅ በቱቦ በአፍ መሳብ ብዙ ሰው ጐድቷል፤ ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ለሞት ያደርሳል። የሚጨመቅ የላስቲክ መሳቢያ በአውቶሞቢሉ ውስጥ ማኖር ዋጋው ትንሽ ነው። ቤንዚን የሞላበት ጀሪካን ከሰው ጋራ በአንድ ክፍል ጭኖ መሄድም እንዲሁ ክፉ ነው። የሚያፈስ ሳልቫትዮ ባዶ ነው ተብሎ ሳይታጠብ በእሳት የሚበየድ እንደ ሆነ ደግሞ፥ በውስጡ የቀረው ትነት ከሞላው ነዳጅ ይልቅ ይፈነዳል። ባዶ ማለት ምንም የሌለበት ማለት አይደለም።

በባሮ ዳር ክረምቱ ጠንክሮ መንገዱ ሳይጨቀይ፥ በሚያዝያና በግንቦት፥ ሥራው ሊፈጸም ይችላል። ሳልቫትዮው ይወርዳል፥ ይታጠባል፤ ተንሳፋፊውና ክንዱ ይታያሉ፤ የዛገው የሽቦ ማሰሪያ ተፍቆ ይጠብቃል፤ ፊልትሮው ይለወጣል፤ የውሃ መለያ ያለው እንደ ሆነ ከሥሩ ያለው ብሎን ተከፍቶ ውሃው ይፈስሳል። በቅድሚያ አምቡላንሶቹ፥ ቀጥሎ ወደ ጂካዎና ወደ ፑኝዶ የሚመላለሱት፥ በመጨረሻም በከተማ ውስጥ የሚዞሩት ይሠሩ። ሳልቫትዮው ተመልሶ በተገጠመበት ጧት ነዳጁ ዐሥር ዐሥር ሊትር እየተባለ ይቀዳል፤ ምልክቱ የተፈለጠበት ዘንግም የአውቶሞቢሉ የሰሌዳ ቍጥር ተጽፎበት ከነጂው መቀመጫ ኋላ ይታሰራል።